ሳይክል ከላይ፣ ባትሪ ከታች፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ለዚህ ዓምድ የሚላኩት ጥያቄዎች ተለውጠዋል። ሳይክላቸውን ጭነው ከከተማ የሚወጡ አንባብያን ድሮ የሚጠይቁን «የትኛው ፖርቶመጋላ ይሻላል?» እያሉ ነበር። አሁን ደግሞ «ባትሪው ያደርሰኛል ወይ?» ይላሉ። ሁለቱ ጥያቄዎች የማይነጣጠሉ ስለሆኑ የዚህን ወር ዓምድ በሙሉ ሰጥተናቸዋል። ደብዳቤዎቹ እንዲመቹ አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ለቻይና ገበያ የተሠራ ፎልክስዋገን አይዲ 4 አለኝ። ጣራው ላይ ግራና ቀኝ ሁለት ዘንጎች አሉት። በዘንጎቹ ላይ የብረት ፖርቶመጋላ በይዶ የሚያስርልኝ ባለሙያ አግኝቻለሁ። ጓደኛዬ ግን «ዘንጉ ለጌጥ ነው፣ እንዳትነካው» ይለኛል። በምን ላረጋግጥ? (ከሲኤምሲ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ የጓደኛዎ ጥርጣሬ ተገቢ ነው። ዘንጉን በእጅ ነቅንቆ መፈተን ግን ምንም አይነግርዎትም፤ በሙጫና በፕላስቲክ የተያዘ የጌጥ ዘንግም በእጅ ሲነካ ጠንካራ ነው። የሚታመነው የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ብቻ ነው። በቻይንኛ የተጻፈ ከሆነ ስለ ጣራና ስለ ጭነት የሚናገረውን ገጽ በስልክዎ ካሜራ ያስተርጉሙት። የሚፈልጉት አንድ ቁጥር ነው፦ መኪናው እየሄደ ጣራው የሚሸከመው ከፍተኛ ክብደት። ለአውሮፓ ገበያ የሚሠራው አይዲ 4 ቁጥሩ 75 ኪሎ ግራም ነው። ይህን ቁጥር ግን ለቻይናው መኪና አይዋሱለት፤ የጣራው መስታወትና የዘንጉ አተካከል ሊለያዩ ይችላሉ። መመሪያው ቁጥር ከሌለው ወይም በጣራ መጫን አይፈቀድም ካለ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል፤ ሳይክሉ ከውስጥ ወይም ከኋላ ይጫናል።

ቁጥሩ ካለና 75 ነው እንበል። ይህ ክብደት ከጣራው በላይ ያለውን ሁሉ ያጠቃልላል። በጣራው ስፋት የሚጋደሙት ሁለቱ የአልሙኒየም አግዳሚዎች ከነእግራቸው 6 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ፤ ሁለት የሳይክል መያዣዎች ደግሞ 8 ኪሎ ገደማ። የሚቀርዎት 61 ኪሎ ነው። እያንዳንዳቸው 15 ኪሎ የሆኑ ሁለት ማውንቴን ሳይክሎች በምቾት ይጫናሉ፤ ሦስተኛም ቢጨመር ክብደቱ ይፈቅዳል። በብረት ቱቦ የተበየደ ፖርቶመጋላ ግን ሳይክል ሳይጫንበት ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሊወስድ ይችላል። ኮረኮንች መንገድ የሚሄዱ ከሆነ ከተፈቀደው ክብደት ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይጫኑ። ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ ጣራው የሚሰማው ሚዛን ላይ ካዩት ክብደት እጅግ የበለጠ ነው።

ብየዳውን በተመለከተ መልሳችን አጭር ነው፦ ፖርቶመጋላው ውጭ ተበይዶ ቢመጣ እንኳ በመኪናው አካል ላይ አይበየድ፣ ጣራውም አይበሳ። ከውስጥ በኩል በጣራው ጠርዝ፣ ከልባሱ ሥር፣ የመጋረጃ ኤርባጉ ከነጋዝ ማስነሻው ተጣጥፎ ተቀምጧል። መሰርሰሪያ የት ላይ እንደሚወጣ ከውጭ ሆኖ የሚያውቅ የለም። በዚያ ላይ የኤሌክትሪክ መኪና ሲበየድ የከፍተኛ ቮልቴጁ መስመር በባለሙያ መቋረጥ አለበት። ይህን ሳይጠይቅዎ ብየዳ የሚጀምር ጋራዥ ካጋጠመዎት መኪናዎን ይዘው ይውጡ።

ጥያቄ፦ የመኪናዬ ባትሪ 84 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ሲሸጥልኝ በአንድ ሙሌት 550 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብዬ ነበር። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር፣ ሁለት ሳይክል ጣራ ላይ ጭነን ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ልንሄድ ነው። ከተማ ውስጥ ሳይክል ጭኜ ስነዳ ምንም ልዩነት አላየሁም። መንገድ ላይ እቀራለሁ ብዬ መስጋት አለብኝ? (ከሰሚት፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ መቅረት አለመቅረትዎ በቀኝ እግርዎ እጅ ነው። ለምን እንደሆነ በቁጥር እናሳይዎት።

መጀመሪያ 550ውን ይርሱት። ይህ ቁጥር የሚመጣው ሲኤልቲሲ ከሚባለው የቻይና መለኪያ ነው። የመለኪያው አማካይ ፍጥነት በሰዓት 29 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከፍተኛው 114 ነው፤ የከተማ ትራፊክን ይመስላል እንጂ የፍጥነት መንገድን አይመስልም። ከ84ቱ ኪሎዋት ሰዓት ውስጥም በተግባር ለመንዳት የሚውለው 77 ገደማ ነው ብለን እናስላ።

ከተማ ውስጥ ልዩነት ያላዩት ክብደት ብዙም ስለማይበላ ነው። ሁለቱ ሳይክሎች ከነመያዣቸው 40 ኪሎ ቢሆኑ፣ በሜዳ ላይ ለ100 ኪሎ ሜትር የሚጨምሩት ፍጆታ ወደ 0.1 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከቁጥር አይገባም። የሚበላው ነፋሱ ነው። የአየር ግፊያ በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል፤ ከ80 ወደ 120 ሲወጡ ፍጥነቱ በግማሽ ሲጨምር ግፊያው ከእጥፍ በላይ ይሆናል። ቆመው የተጫኑ ሁለት ሳይክሎች ደግሞ መሪያቸው፣ ፔዳላቸው፣ የጎማቸው ሽቦዎች ሁሉ ነፋሱን ይቆራርጡታል፤ ለስላሳ ሆኖ የተሠራውን የጣራ መስመርም ያበላሹታል።

ለእርስዎ ዓይነት መኪና የእኛ ግምት ይህ ነው። ሳይክል ሳይጫን በሰዓት 80 ሲነዳ በ100 ኪሎ ሜትር 13.5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፤ በ100 ወደ 17፣ በ120 ወደ 20.5። ሁለት ሳይክል ሲጫንበት በ80 ወደ 16፣ በ100 ወደ 20.5፣ በ120 ወደ 26 ከፍ ይላል። 10 በመቶ መጠባበቂያ ትተው ከሙሉ ባትሪ ሲነሡ የሚያስኬድዎት 70 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ይህም በ80 ከ430 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በ100 ወደ 340፣ በ120 ደግሞ 270 ያስኬድዎታል ማለት ነው። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ሲሄዱ መንገዱ ይረዳዎታል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር፣ ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ በጠቅላላው ወደ 650 ሜትር ይወርዳሉ። ቁልቁለቱን በፍሬን ሳይሆን ኃይል ወደ ባትሪ በሚመልሰው ማርሽ ከነዱት ጥቂት ኪሎዋት ሰዓት መልሰው ያገኛሉ። ሒሳቡ የሚከፈለው ሲመለሱ ነው። ከነሰዉ 2,400 ኪሎ የሚመዝን መኪና 650 ሜትር ለማውጣት ከ4.5 እስከ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ ያውም ባትሪው ሲያልቅ፣ ከሞጆ በኋላ ባለው ዳገት። ስለዚህ ሲመለሱ በ100 ቢነዱ 56 ለመንገዱ፣ 5 ለዳገቱ፣ በድምሩ 61 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል፤ 20 በመቶ ገደማ ይዘው ቤትዎ ይገባሉ። መንገዱን ሁሉ 120 መንዳት ቢቻል ግን 77ቱም አልቆ ነበር። ከባቱ በኋላ መንገዱ በከተሞች መሐል ስለሚያልፍ 120 አይነዳም፤ ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ ግን 120 ስለሚፈቅድ ብዙዎች ባትሪያቸውን የሚያቃጥሉት እዚያ ነው። እዚያ ላይ በ90 መንዳት የሚያስከፍልዎት ከሩብ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

ሐዋሳ ሲደርሱ መሙያው ምን ዓይነት እንደሆነ ቀድመው ይጠይቁ። 7 ኪሎዋት የሚሰጥ የግድግዳ መሙያ ባዶ ባትሪዎን በ11 ሰዓት ገደማ ይሞላል። ተራ ሶኬት፣ 10 አምፔር የሚስብ ገመድ ተሰክቶበት፣ ከአንድ ቀን ተኩል ያላነሰ ይወስዳል። የእሑድ ጠዋት ጉዞ ዓርብ ማታ ባገኙት ሶኬት ላይ ይወሰናል ማለት ነው። ፈጣን መሙያ ላይ ከተማመኑ ደግሞ ራሱ ከመኪናዎ ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ፤ ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ሶኬቱ ጂቢቲ ነው፣ ለአውሮፓ የተሠራው ሲሲኤስ 2። ሁለቱ አይገጣጠሙም።

አንድ ነገር ልንጨምር፦ መኪናው «የቀረ ርቀት» ብሎ የሚያሳየው ቁጥር የተሰላው ባለፉት ቀናት አነዳድዎ ነው። ጣራው ላይ ሳይክል መጫኑን አያውቅም። የመጀመሪያውን 30 ኪሎ ሜትር በፍጥነት መንገዱ ላይ ከነዱ በኋላ በ100 ኪሎ ሜትር የፈጀውን አማካይ ያንብቡና ቀሪውን በእሱ ያስሉ።

ጥያቄ፦ ሳይክሉን ካወረድኩ በኋላ ባዶውን ፖርቶመጋላ እዚያው ብተወው ምን አለበት? መፍታትና ማሰር ሰልችቶኛል። (ከአዳማ)

መልስ፦ ከተማ ውስጥ ብቻ ከሆነ ይተዉት። በሰዓት 100 ግን ባዶ አግዳሚና ባዶ መያዣ በ100 ኪሎ ሜትር ወደ 1 ኪሎዋት ሰዓት ይበላሉ። ቢያንስ የሳይክል መያዣዎቹን ያውርዱ። አግዳሚው የሚያፏጭ ከሆነ ላዩ ላይ ያለው ጎድጎድ ክፍት መሆኑን ይመልከቱ፤ አብሮት የተሸጠውን የጎማ መሸፈኛ በሙሉ ርዝመቱ ሲገጥሙለት ፉጨቱ ብዙውን ጊዜ ይቆማል። አራት ማዕዘን ቱቦ ከሆነ የነፋስ ክንፍ ቅርጽ ባለው ከመለወጥ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ጣራው ሙሉ መስታወት ነው፣ ዘንግም የለውም። ከውጭ አገር የመጣ ወንድሜ በመምጠጫ ኩባያ የሚጣበቅ የሳይክል መያዣ አመጣልኝ። እሱ በሚኖርበት አገር ያለ ችግር ይጠቀምበታል። እዚህ ይሠራል? (ከቦሌ፣ አዲስ አበባ)

መልስ፦ ይሠራል፣ ግን ወንድምዎ አገር እንደሚሠራው አይደለም። ኩባያውን ጣራው ላይ የሚያጣብቀው ከውጭ የሚጫነው አየር ነው። በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ወደ 76 ይወርዳል። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ኩባያ ፍጹም ባዶ ቢደረግ በባሕር ጠለል ወደ 180 ኪሎ የሚጎትት ኃይል ይችላል፤ እዚህ ወደ 137። ስለዚህ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብበው ሩቡን ይቀንሱ።

ከፍታ ሲለዋወጥ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ አጣብቀው ወደ ሞጆ ቢወርዱ የውጭው ግፊት ስለሚጨምር ኩባያው ይበልጥ ይይዛል። ከቆላ ተነሥተው ወደ ደጋ ሲወጡ ግን ይለቃል። አዋሽ 900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ከዚያ አጣብቀው አዲስ አበባ ሲደርሱ ከያዙት ግፊት ወደ 15 ኪሎ ፓስካል ጎድሏል። ዳገቱን ከመጀመርዎ በፊትና አጋማሹ ላይ ይቁሙና ፓምፑን ይጫኑት። በፓምፑ ዘንግ ላይ ያለው ባለ ቀለም ቀለበት ከታየ ባዶነቱ ቀንሷል ማለት ነው።

የበለጠ የሚያሰጋን ግን አቧራ ነው። በበጋ ጣራ ላይ የሚተኛው ስስ አቧራ ለዓይን አይታይም፤ የኩባያው ከንፈር ሥር ከገባ አየር በዝግታ ያስገባል። ቦታውንም ኩባያውንም በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ኩባያውን በትንሽ ውኃ ያርጥቡ፣ ከዚያ ይጫኑ። አጣብቀው አንድ ሰዓት ያቆዩት፤ ቀለበቱ ካልታየ ሳይክሉን ይጫኑ። የላስቲክ ፊልም በተለበጠ ወይም እንደገና በተቀባ ቀለም ላይ አይጠቀሙ፤ ኩባያው ይዞ የሚነሣው ቀለሙን ነው። እንደ እኛ አስተያየት ይህ ዕቃ ለእንጦጦ ወይም ለሱሉልታ የጠዋት ጉዞ፣ በሰዓት ከ80 ሳያልፉ፣ ለአንድ ቀላል ሳይክል ጥሩ ነው። ለረጅም መንገድ አንመክረውም። መስታወቱን በተመለከተ፣ የመኪናው መመሪያ በመስታወት ጣራ ላይ ምንም እንዳይጫን ካዘዘ ያ ትእዛዝ ለኩባያም ይሠራል።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ነው የምኖረው። አይዲ 3 መኪና አለኝ፤ እኔና ባለቤቴ እያንዳንዳቸው 25 ኪሎ የሚመዝኑ የኤሌክትሪክ ሳይክሎች ገዝተናል። ለጣራ የሚሆን ዕቃ ስጠይቅ ሻጩ «ለዚህ መኪና የለም» አለኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ፎልክስዋገን ለአይዲ 3 የጣራ ጭነት አልፈቀደም። ቢፈቅድም እንኳ 25 ኪሎ ሳይክል ለጣራ አይሆንም፤ አብዛኞቹ የጣራ መያዣዎች የሚችሉት እስከ 20 ኪሎ ነው፣ ያን የሚያህል ክብደት ከትከሻ በላይ አንሥቶ ማስቀመጥም ወገብ ይበላል።

የእርስዎ መንገድ ከኋላ ነው። መኪናው ለሳይክል መያዣ የሚሆን ኳስ (ከኋላ የሚወጣ፣ ጫፉ ክብ የሆነ የመጎተቻ ብረት) የተገጠመለት ወይም ሊገጠምለት የሚችል ከሆነ የሚያዩት ቁጥር ኳሱ ቁልቁል የሚሸከመውን ነው፤ በዚህ መኪና 75 ኪሎ ነው። መያዣው 17 ኪሎ ቢሆን፣ ሳይክሎቹ 50 ቢሆኑ 67 ይሆናል። የሳይክሎቹን ባትሪ ነቅለው መኪና ውስጥ ቢያስገቡ ከእያንዳንዱ ወደ 3 ኪሎ ይቀንሳል፤ የባትሪውን መሰኪያ ዝናብ እንዳይገባው በክዳኑ ወይም በላስቲክ ይሸፍኑት። ከባዱን ሳይክል ወደ መኪናው ያስጠጉ፣ ቀላሉን ወደ ውጭ። ጀርመን ውስጥ መያዣው የኋላውን ታርጋ ከሸፈነ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ሦስተኛ ታርጋ መያዣው ላይ መሰቀል አለበት፤ ማኅተም አይጠይቅም። መብራቶቹን ሰክተው ፍሬንና ፍሬቻ መሥራታቸውን ሁለት ሆናችሁ አረጋግጡ።

ደስ የሚለው ነገር፣ ከኋላ የተጫነ ሳይክል መኪናው ራሱ በሚከፍተው ነፋስ ጥላ ውስጥ ስለሚሄድ የሚጨምረው የባትሪ ፍጆታ ጣራ ላይ የተጫነው ከሚጨምረው ከግማሽ በታች ነው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። ቴስላ ሞዴል ዋይ ላይ የፋብሪካውን አግዳሚ አስገጥሜ ሁለት የውድድር ሳይክሎች እጭናለሁ። የሚያስጨንቀኝ ነገር የለም፤ እናንተ ግን የምትነግሩኝ ይኖር ይሆን?

መልስ፦ የጋራዥዎ በር። ሞዴል ዋይ ጣራው የሚችለው አግዳሚውን ጨምሮ 75 ኪሎ ስለሆነ በክብደት ችግር የለብዎትም። ከፍታው ግን ወደ 1.62 ሜትር ነው፤ አግዳሚና ቆሞ የተጫነ ሳይክል ሲጨመርበት 2.8 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። የተለመደው የአሜሪካ የቤት ጋራዥ በር 2.13 ሜትር ነው። ቴስላው ሰፈርዎ ሲደርስ በሩን ራሱ እንዲከፍት ሆምሊንክን አስተካክለው ከሆነ ደክሞት ከጉዞ የሚመለስ ሰው የተከፈተ በር ሲያይ ዝም ብሎ ይገባል። የተሰበረ ፎርክ (የሳይክሉን የፊት ጎማ የሚይዘው ሹካ)፣ የተጣመመ አግዳሚ፣ የተሰነጠቀ የመስታወት ጣራ፣ ሦስቱም በአንድ ሰከንድ። ሳይክል በጫኑ ቀን በሩ በራሱ የሚከፈትበትን ማስተካከያ ያጥፉት፤ የሳይክል ጓንትዎን ወይም ሄልሜትዎን መሪው ላይ ማንጠልጠልም ይረዳል።

ይህ ምክር አዲስ አበባ ላሉትም ነው፦ ምድር ቤት ማቆሚያዎች ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 2.2 ሜትር ናቸው። የግቢ በር ላይ የተዘረጋ ላሜራ፣ የጎረቤት የተንጠለጠለ የመብራት ገመድና የመሙያ ጣቢያ ጥላም አሉ። አንድ ጊዜ በሜትር ይለኩና ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው መሪው አጠገብ ይለጥፉት።

ጥያቄ፦ ሳይክል ጣራ ላይ አስተሳሰሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብታስረዱን። የእኔ ካርቦን ነው። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ካርቦን ከሆነ ፍሬሙን ጨብጦ የሚይዝ መያዣ አይጠቀሙ። የቱቦው ግድግዳ ቀጭን ስለሆነ ጠበቅ ሲል ከውስጥ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ከውጭ ላይታይ ይችላል። የሚሆንዎት ወይ የፊት ጎማውን የሚያቅፍ፣ ወይ የፊት ጎማው ወልቆ ፎርኩ የሚታሰርበት ዓይነት ነው። እኛ ሁለተኛውን እንመርጣለን፤ ሳይክሉን ወደ 25 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ስለሚያደርገው ነፋሱም ይቀንሳል፣ መወዛወዙም።

ከመግዛትዎ በፊት የፊት አክስሉን ይለኩ። የድሮው ዓይነት፣ በእጅ መፍቻ የሚላቀቀው፣ 9 በ100 ሚሊ ሜትር ነው። ዲስክ ፍሬን ያላቸው የውድድር ሳይክሎች በአብዛኛው 12 በ100፣ ማውንቴኖች 15 በ100 ወይም 15 በ110 ናቸው። ያለ ትክክለኛው ማስማሚያ አስገድደው ካስገቡት የፎርኩ ጫፍ ይፈጫል።

አግዳሚዎቹን መመሪያው ባመለከተው ቦታ ላይ ይሰሩ፤ ቡሎኖቹን በተጻፈው መጠን ያጥብቁ፣ አብሮ የመጣው ቁልፍ «ቀጭ» እስኪል ድረስ ብቻ። የመስታወት ጣራ ከሆነ አግዳሚው ሲጫን ተለምጦ መስታወቱን እንዳይነካ መሐሉ ላይ በእጅዎ ተጭነው ይዩ። ከዚያ ሳይክሉ ላይ ያለውን ሁሉ ያውርዱ፦ የውኃ ዕቃ፣ ፓምፕ፣ የሴላ ቦርሳ፣ መብራት፣ የልጅ መቀመጫ። የፊት ጎማው ሲወልቅ የዲስክ ፍሬኑ ማሰሪያ ውስጥ የታጠፈ ካርቶን ያስገቡ፤ አንድ ልጅ የፍሬን እጀታውን ቢጨብጠው ሸራዎቹ ይጣበቁና ጎማው ተመልሶ አይገባም። ፎርኩን ይሰሩ፣ የኋላ ጎማውን በቀበቶው ያጥብቁ፣ ቀሪውን የቀበቶ ጫፍ ይቋጥሩ፤ የሚውለበለብ ጫፍ መንገዱን ሙሉ ጣራውን ሲገርፍ ይሄዳል። ሁለት ሳይክል ከሆነ አንዱን ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ ያዙሩ፤ መሪዎቹ አይጋጩም።

ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ብቻውን ማሰሪያ አይሆንም። ሲጎተት ይለጠጣል፣ ሳይክሉም በነፋስ እየተወዛወዘ ቋጠሮውን ያላላዋል። ለተጨማሪ ጥንቃቄ የማይለጠጥ ቀበቶ ይጠቀሙ። ሳይክሉን በሸራ ወይም በፕላስቲክ መሸፈንም ይቅር፤ ነፋስ የሚሞላው ከረጢት ይሆንና መያዣው ያልተሠራበትን ኃይል ያመጣበታል። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ይቁሙና ሁሉንም በእጅ ይነቅንቁ። አዲስ የታሰረ አግዳሚ በመጀመሪያው ጉዞ ትንሽ ይረጋል።

ጥያቄ፦ መቐለ ውስጥ የሳይክል ክለብ እናግዛለን። በውድድር ቀን ለአጃቢነት የኤሌክትሪክ መኪና ልንጠቀም ነው፤ አራት መጠባበቂያ ሳይክሎች ጣራ ላይ ይኖራሉ። ምን እናስብ?

መልስ፦ ለዚህ ሥራ የኤሌክትሪክ መኪና ምቹ ነው፤ ፍጥነቱ በአብዛኛው ከ50 ስለማያልፍ የነፋሱ ጉዳይ ይቀላል፣ ጭስም ለተወዳዳሪው አይደርስም። የሚገድባችሁ ክብደቱ ነው። 8 ኪሎ የሚመዝኑ አራት የውድድር ሳይክሎች 32፣ አራት የፎርክ መያዣዎች ወደ 12፣ አግዳሚዎቹ 6፣ በድምሩ 50 ኪሎ። ጎማዎቹን ጣራ ላይ አትስቀሉ፤ የኋላ መቀመጫ ላይ መካኒኩ አጠገብ ይሁኑ። መንገዱ በቀኝ የሚነዳበት ስለሆነ ተወዳዳሪው የሚቆመው በቀኝ ነው፤ የቡድኑ መሪ ሳይክል በቀኝ ጫፍ፣ የመካኒኩም መቀመጫ ከኋላ በቀኝ ይሁን። እያንዳንዱ ሳይክል የማን እንደሆነ መያዣው ላይ በቴፕ ጻፉበት፣ የሴላውም ቁመት ቀድሞ ይስተካከል። ቁልፍ ያላቸው መያዣዎች በውድድር ሰዓት ክፍት ይሁኑ።

ጥያቄ፦ ሳይክሉ ጣራ ላይ እንዳለ መኪናውን ቻርጅ ማድረግ ይቻላል? የኋላ በሩስ? (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ሳይክሉ ከመሙያው ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ከኋላ በማሰሪያ ቀበቶ የሚንጠለጠል መያዣ ከሆነ ግን የመሙያው ቀዳዳ የት እንዳለ ይዩ፤ የኋላ ጎማ አጠገብ ያለ ክዳን በተንጠለጠለ ፔዳል ሊዘጋ ይችላል። እንዲህ ያለው መያዣ የኋላውን ክንፍ ስለሚጫነው በፕላስቲክ ክንፍ ላይ አንመክረውም።

የኋላ በሩ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ከሆነ ጣራ ላይ ያለውን የሳይክል የኋላ ጎማ ይገጫል ወይ የሚለውን መጀመሪያ በእጅ ይዘው በዝግታ ከፍተው ይፈትኑት። ከተገናኙ መያዣውን ወደ ፊት ያንሸራትቱት። ብዙ መኪኖች በሩ የሚከፈትበትን ከፍታ ለመቀነስ ያስችላሉ፤ በፈለጉት ከፍታ ላይ አቁመው የመዝጊያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ መያዝ የተለመደው ዘዴ ነው፣ በአንዳንዶቹ ደግሞ ማስተካከያው ስክሪኑ ውስጥ ነው። እግር ሲዘረጋ በሩን የሚከፍተውን ዳሳሽም ለዚያን ቀን ያጥፉት፤ ሳይክል ሲያወርዱ እግርዎ ሁልጊዜ እዚያው ሥር ነው።